ማዘዝ የማይቻልበት አመራር

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፤ «ያለ ክፍያ ማገልገል ለራስህ ምን ጠቀመህ?» የሚል። የሚበዙት ጠያቂዎች ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ናቸው። እኔ ያደግኩት የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። በሰፈራችን የወጣቶች ማኅበር መጀመሪያ በአባልነት፣ ኋላም በአስተባባሪነት ስላገለገልኩ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ የማዘዝ ሥልጣን ሳይኖረኝ ሰው ማስተባበር መማሬ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ አለቃ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ደመወዝ ይቆርጣል። በጎ ፈቃደኛ ግን ቅር ካለው ነገ አይመጣም፤ የምትይዙበት ምንም ነገር የለም።

ከጉራራ በላይ ባለው የእንጦጦ ተዳፋት ላይ ክረምት ክረምት ችግኝ እንተክላለን። አብዛኛው ልጅ የሚያስበው ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ አፈር መመለስ እንደሆነ ነው። ዋናው ሥራ ግን ችግኙ ያደገበት ፕላስቲክ ላይ ነው። ሥሩ ያቀፈው አፈር ሳይፈረፈር ፕላስቲኩን በምላጭ ሰንጥቆ ማውጣት፣ ችግኙን ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ዙሪያውን በእግር ጠቅጠቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ሥሩ እዚያው ይጠማዘዝና በጋው ሲመጣ ይደርቃል። በዝናብ፣ በጭቃ ላይ ቆሞ «ፕላስቲኩን አውጡ!» እያሉ መጮህ ደግሞ ልጆቹን ከማሰልቸት አልፎ አይሄድም።

መላውን ያመጣችው ስብሰባ ላይ ድምፅዋ የማይሰማ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በየቡድኑ አንድ ሰው የወጣውን ፕላስቲክ ይሰብስብ፤ መጨረሻ ላይ ከተተከለው ጋር እናመሳክር አለች። ቁጥሩ ካልገጠመ ሳይሸሸግ ይታወቃል፤ ማንም ማንንም መቆጣት አያስፈልገውም። ምዝገባውን ለእሷ ሰጠናት። በቀጣዩ ክረምት የራሷን ቡድን ይዛ ወጣች፤ ትላልቆቹ ወንዶች እንኳ ምን እናድርግ ብለው የሚጠይቁት እሷን ነበር። በአገልግሎቴ ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ይህ ነው።

ሌላው፣ ሰው የሚሠራበትን ምክንያት ሲያውቅ ጉልበቱ ይለያል። ከመትከላችን በፊት የተራራውን ታሪክ እንነጋገራለን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር፣ የአካባቢው ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተመናምኖ ነበር። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግና ሲቆረጥም ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አወጣት። በሥሩ ግን ሌላ ተክል በቀላሉ አይበቅልም፤ ዛሬ ወይራና ጽድ የምንተክለው ለዚህ ነው። እግረ መንገዳችንንም እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል ስለሚወርዱት እናቶች እናነሳለን። የልጆቻቸው እንጀራ ከዚያ ሸክም እንደሚወጣ የተረዳ ወጣት ደን ጠባቂ ነኝ ብሎ አይጮህባቸውም፤ መንገድ ይለቅላቸዋል፣ «እማማ፣ ላግዝዎት» ይላል።

ስለ ገንዘብ ያስተማረን የሰፈራችን እድር ነው። የአረጋውያን ቤት ልናድስ ለቆርቆሮና ለሚስማር ስናዋጣ የእድሩ ጸሐፊ አጠገባቸው አስቀምጠው መዝገባቸውን ገለጡልኝ። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ለምን ወጣ፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፍ ተጽፎ በየወሩ ለአባላት ይነበባል። እኛም ደረሰኙን ሁሉ ፎቶ እያነሳን በቡድናችን ገጽ መለጠፍ ጀመርን። መዋጮው ሳንለምን ጨመረ። አመራር ለመማር ሩቅ አገር ሥልጠና የምትመኙ ልጆች ካላችሁ መጀመሪያ የእናታችሁ እድር ስብሰባ ላይ ተቀመጡ፤ ከልቤ ነው።

እኚሁ የእድር ጸሐፊ በወጣትነታቸው የ1967ቱ የእድገት በኅብረት ዘማች ነበሩ። ያን ጊዜ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። ማንበብና መጻፍ ማስተማሩን፣ ከገበሬው ጋር አብሮ መዋሉን ዛሬም በፍቅር ያወሩታል። ይሁን እንጂ ዘመቻው ግዴታ ነበር፤ አልዘምትም ማለት ትምህርትንም ሥራንም ያሳጣ ነበር። እኛ ያለነው በሌላ መንገድ ላይ ስለሆነ እምቢ የማለት መብቱን ለአባሎቻችን አጥብቀን እንጠብቃለን። የፈተና ሰሞን የቀረውን ማንም አይወቅሰውም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ሰፈሩ ሁሉ አካፋ ይዞ የወጣ ይመስል ነበር። ጥርና የካቲት ላይ ግን ካሜራም ቲሸርትም የለም። የተተከለውን ውኃ ለማጠጣት ስንወጣ ያለው አቧራ፣ ጀሪካንና ዳገት ነው። ኃላፊነት ለማን እንስጥ ስንል የምናየው በጋ ላይ ውኃ ይዞ የሚወጣውን ነው።

የየካ ልጆች፣ መግባት የምትፈልጉ ካላችሁ ክረምቱን አትጠብቁ። የወረዳችሁን ወጣቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የመጀመሪያ እርዳታ መማር የምትፈልጉ ደግሞ ወደ ቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ሂዱ። ከእኛ ጋር ለመውጣት የምታስቡ፣ የሚመቻችሁን ቀንና መያዝ የምትችሉትን የጀሪካን መጠን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አምስት ሊትርም ይበቃል።