የታንክ አምሳያ ስለ መሥራትና ስለ መቀባት

ዐይን ያየውን ሁሉ ዐወቅሁት ይላል፤ እጅ ግን ሠርቶ ካልሞከረው በቀር ዐወቅሁ ብሎ አይደፍርም። ስለዚህ ቀኑን በወረቀትና በማኅተም መካከል የሚያሳልፍ ሰው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ በእጁ የሚያበጀው አንድ ነገር ቢኖረው፣ ድካሙን ከማራገፉም በላይ ዕውቀቱን ያሰፋል። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ንግግር እንዲህ ስላለ ሥራ ነው፤ ይኸውም የጦር ታንክን አምሳያ በትንሹ ስለ መሥራትና ስለ መቀባት ነው። ነገሩ የልጆች ጨዋታ የሚመስላቸው ይኖሩ ይሆናል። እኛ ግን ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በማስመሪያና በመቀስም ሊመረመር እንደሚችል ለማስረዳት እንሞክራለን።

ትልቁን ነገር በትንሹ ማበጀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከብቸና ወደ ሞጣ ከሚወስደው መንገድ በስተምሥራቅ፣ መርጡለ ማርያም በምትገኝበት አገር፣ እንደ ሌላው ገጠራችን ሁሉ እረኛው ልጅ ከጭቃ በሬ ይሠራል። ሻኛው ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ በሬው የመዳፍ ያህል ቢሆንም ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው መመጣጠን እንዳለባቸው ማንም ሳያስተምራቸው ያውቃሉና። በዚያው በመርጡለ ማርያም፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ንግሥት እሌኒ አሠሩት የሚባለውን የጥንት ሕንፃ ጥርብ ድንጋይ ያየ ሰውም፣ መዶሻው ከመነሣቱ በፊት ልኩ በሠሪው ልብ ውስጥ እንደ ነበረ ይረዳል። የእረኛውም ጭቃ የጠራቢውም ድንጋይ የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ መለካት የሥራ ሁሉ መጀመሪያ ነው።

ነገር ግን ከብዙዎቹ የጦር ታንኮች የትኛውን እንሥራ? ለእኛ አገር ሰው፣ ይልቁንም ለጎጃም ሰው፣ በታሪክ የሚቀርበው ታንክ አንድ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ዲሴምበር 15 ቀን 1935፣ በዚያን ጊዜ የጎጃም ገዥ የነበሩት የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ተከዜን ተሻግሮ፣ በሽሬ አገር በደምበጉና በር ከኢጣልያ ታንኮችና አብረዋቸው ከተሰለፉት አስካሪዎች ጋር ገጠመ። ታንክ ገጥመው የማያውቁት ወታደሮች መጀመሪያ ቢደናገጡም፣ ወዲያው ከኋላ እየዘለሉ በታንኮቹ ላይ ወጡ፤ ብዙዎቹንም ከጥቅም ውጭ አደረጓቸው፤ በሩንም ያዙት። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ሰው በእግሩ ሮጦ ብረት ለበሱን እንዴት ሊያሸንፈው እንደ ቻለ ግን ብዙ ጊዜ ሳይብራራ ይታለፋል። አምሳያው የሚመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ታንኩ ሲቪ 33፣ ተሻሽሎ ሲወጣ ደግሞ ሲቪ 35 ይባል ነበር፤ በኋላ ኤል 3 ተብሏል። ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1929 ካርደን ሎይድ የተባለውን ትንሽ የእንግሊዝ ታንክ ገዝታ ከመረመረች በኋላ፣ ፊያትና አንሳልዶ የተባሉት ኩባንያዎች ተባብረው ያወጡት ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ17፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ40፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክብደቱ ከ3 ቶን ጥቂት ይበልጣል፤ ሞተሩ የ43 ፈረስ ጉልበት አለው። የብረት ልባሱ ውፍረት ከ6 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ነው። በውስጡ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በስተቀኝ ነጂው፣ በስተግራ ተኳሹ። እንደ ሌሎች ታንኮች በራሱ ላይ የሚዞር ማማ የለውም፤ መትረየሱ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ተተክሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጥቂቱ ብቻ ይዘወራል። አንባቢያችን ይህን ነገር ልብ ይበሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በዓለም ገበያ የሚሸጡት የፕላስቲክ ታንኮች አብዛኞቹ በ1 ለ35 ምጣኔ የተሠሩ ናቸው። ይህ ቍጥር ከሳይንስ የመጣ አይደለም፤ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ አምሳያ ሲያወጣ፣ ባትሪና ሞተር በሆዱ እንዲገባለት ብሎ የመረጠው መጠን ነው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ከካርቶን ለሚሠራ ሰው ግን 1 ለ20 ይሻላል፤ ለሒሳብም ይቀላል፤ እውነተኛውን ልክ ለሃያ ማካፈል ብቻ ነውና። በዚህ ሒሳብ ርዝመቱ 15 ነጥብ 85፣ ወርዱ 7፣ ከፍታው 6 ነጥብ 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከሁሉ የወፈረው የፊቱ ብረት ሲካፈል ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ይህም የአንድ ክላሰር ልባስ ውፍረት ያህል ነው። ሆኖም አንባቢያችን ያረጀና የተጣለ ክላሰር ይፈልጉ እንጂ፣ ለዚህ ሲሉ በመዝገብ ላይ ያለውን የመንግሥት ንብረት እንዳይቈርጡ እናሳስባለን።

በመጀመሪያ የታንኩን ጎን፣ ፊት፣ ጀርባና ክዳን በወረቀት ላይ በማስመሪያ ይንደፉ። ንድፉን ወደ ካርቶን ገልብጠው በስለታም ምላጭ ይቍረጡ፤ በመቀስ የተቈረጠ ካርቶን ጠርዙ ይጨፈለቃልና። የሚታጠፈውን ጠርዝ አስቀድመው በምላጩ ጀርባ ቢያሰምሩት እጥፋቱ ቀጥ ይላል። ሙጫው ጥቂት ይሁን፤ የበዛ ሙጫ ካርቶኑን ያጣምመዋል። ሳጥኑ ከቆመ በኋላ፣ በላዩ ላይ ሁለቱን የመግቢያ ክዳኖች፣ ከፊቱም የመመልከቻውን ቀጭን ስንጥቅ ያብጁ።

አስቸጋሪው የእግሩ ሥራ ነው። በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ሦስት ሆነው የተጣመሩ ትንንሽ መንኰራኵሮች በሁለት ቡድን ይገኛሉ፤ ከፊት ሰንሰለቱን የሚስበው ጥርሳም መንኰራኵር፣ ከኋላ ደግሞ የሚወጥረው አለ። ለትንንሾቹ የሸሚዝ ወይም የኮት ቍልፍ፣ ለትልልቆቹ ተቈርጦ የተስተካከለ የጠርሙስ ቡሽ ይበቃል። ሰንሰለቱ ካረጀ የቢስክሌት ከመነዳሪ በቀጭኑ ተቈርጦ፣ በላዩ ላይ የክብሪት እንጨት ስባሪ በእኩል ርቀት እየተለጠፈበት ይሠራል። ለመትረየሱ አፈሙዝ መርፌ ወይም ቀጭን ሽቦ ያገለግላል። ብረቶቹን የሚያያይዙት የምስማርና የቡሎን ራሶች ደግሞ በስንጥር ጫፍ እየተነከረ በሚጣል የሙጫ ጠብታ ይመሰላሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ምሽት አያልቅም፤ ሥራውም የሚጣፍጠው ሳይቸኵሉ ሲሠሩት ነው።

ስለ ቀለሙ ደግሞ የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች መምህሮቻችን ይሁኑ። እነርሱ በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሸማ አስቀድመው በነጭ መደብ ያለብሱታል፤ ከዚያ ይነድፋሉ፤ ቀለሙን በየተራ ይሞላሉ፤ በመጨረሻ በጥቍር መስመር ይለዩታል። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። የእኛም ታንክ ሥርዓት ይኸው ነው። መጀመሪያ ካርቶኑ ቀለም እንዳይጠጣ በቀጠነ ሙጫ፣ ቀጥሎም በግራጫ መደብ ይቀባ። በዚያን ዘመን የኢጣልያ ታንኮች ይቀቡባቸው ከነበሩት አቀባቦች አንዱ፣ በቀላ ያለ ቡናማ መደብ ላይ ደማቅ ያልሆነ አረንጓዴ ጠቃጠቆ ነበር። ይህን ለመምሰል ቡናማው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ አረንጓዴውን በትንሽ ስፖንጅ እየነከሩ ጣል ጣል ያድርጉበት።

እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው የሠራው ታንክ ከሱቅ የወጣ አሻንጉሊት ይመስልበታል። ትልቅ ነገር ጥላ አለው፤ ትንሽ ነገር ግን ጥላው አይበቃውምና በቀለም ሊረዳ ይገባል። ስለዚህ ጥቍር ቡናማ ቀለም እንደ ሻይ እስኪቀጥን በጥብጠው በመጋጠሚያዎቹና በምስማሮቹ ሥር ያስርጉት፤ ገባ ያለው ቦታ ጥልቅ ሆኖ ይታያል። ቀጥሎ ብሩሽ በነጣ ቀለም ነክረው፣ ቀለሙ ሊያልቅ እስኪደርስ በጨርቅ ከጠረጉት በኋላ፣ በጠርዞቹ ላይ ቀለል አድርገው ያሻሹት፤ ወጣ ያለው ቦታ ብርሃን ያገኛል። በመጨረሻ የደጅ አፈር በወንፊት ነፍተው፣ በቀጠነ ሙጫ በሰንሰለቱና በታችኛው ጎን ላይ ይነስንሱበት። በዚያ በበጋ ከተራራ በር ላይ የደረሰ ታንክ አቧራ ሳይለብስ አልደረሰም።

አሁን አምሳያው በጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ሥራው ግን ገና አላለቀም፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይቀራል። ከሽቦና ከጭቃ አንድ ሰው ይሥሩ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በእኛ ምጣኔ 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ይህን ሰው ከታንኩ አጠገብ ያቁሙት፤ ታንኩ ከደረቱ አያልፍም! በወሬ ስንሰማው ተራራ ያህል የነበረው ብረት፣ ሰው እጁን በክዳኑ ላይ ሊያሳርፍበት የሚችል ሆኖ ይገኛል። ቀጥሎ ጣትዎን ከመትረየሱ ፊት ይዘው፣ ቀስ እያሉ ወደ ጎኑና ወደ ኋላው ያዙሩት። ጥቂት እንደ ሄዱ መትረየሱ ሊከተልዎ አይችልም፤ በስንጥቁ የሚመለከቱት ሁለት ሰዎችም አያዩዎትም። ከፊት የመጣውን የሚፈጀው ታንክ ከኋላ የመጣውን አያውቅም። የደምበጉና ወታደሮች ይህን በማስመሪያ አልለኩትም፤ ጥይት በሚዘንብበት ሜዳ በዐይናቸው ለኩት፤ ወዲያውም ሠሩበት።

ይህን ማወቅ የአባቶቻችንን ጀግንነት ያሳንሳልን? በጭራሽ! ታንኩ ትንሽ ቢሆንም መትረየሱ እውነተኛ ነበር፤ ልባሱም የተራ ጠመንጃ ጥይት ይመልስ ነበር። ከኋላው ለመድረስ አስቀድሞ በፊቱ ማለፍ ነበረባቸው፤ በዚያም የወደቁ ብዙዎች ናቸው። አምሳያው የሚጨምርልን ነገር ጀግንነቱ የጭፍን ድፍረት ብቻ እንዳልነበረ ማሳየቱ ነው፤ ማስተዋል የነበረበት ጀግንነት ነው። ፍርሃት ከማያውቁት ነገር ይወለዳል፤ የነገሩን ልክ ያወቀ ሰው ግን መድፈሪያውን ያገኛል።

ደግሞም አምሳያ ሊያሳየን የማይችለው ነገር አለ። ከደምበጉና ድል በኋላ ስምንት ቀን ቈይቶ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በነበረው በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ታንክ ጎንና ጀርባ አለው፤ ጋዝ ግን የለውም፤ ዘለው የሚወጡበት፣ በጎራዴ የሚመቱት አካል አልነበረውም። ጠላት በብረት ያቃተውን በመርዝ ፈለገ። ስለዚህ ታንኩን በመደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው፣ በድሉ ቀን ላይ ብቻ ቆሞ እንዳይቀር የቀጠለውንም ቀን አብሮ ይንገር።

ከዚያ ዘመን ወዲህ ዘጠና ዓመት ያህል ሆኗል። በደምበጉና የዘመቱት፣ ከዚያም በኋላ እንደ በላይ ዘለቀ በብቸና ምድር በአርበኝነት የታገሉት አልፈዋል፤ በቃል የሚመሰክርልን የለም። ነገር ግን ልጅ የተጻፈውን ሁሉ ባያነብ እንኳ ያየውን ይጠይቃል። «አባባ፣ ይህ ምንድን ነው? ሰውዬውስ ለምን ከኋላው ቆመ?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ ያ ካርቶንና ቀለም ዋጋውን አገኘ። እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ ማስመሪያውና ምላጩ በእጃችሁ ነው፤ ልኩንም ነግረናችኋል። መልካም ሥራ ይሁንላችሁ።