ሕያው ነፍሳትና የእንቁራሪት አጥንት፦ የካልሲየም ሚዛን ጉዳይ

እንቁራሪት ምግቧን የምትለየው በዋናነት በእንቅስቃሴው ነው። ሌትቪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዓይኗ የሚነሱ አንዳንድ ነርቮች ለትንንሽ ተንቀሳቃሽ ነገሮች ምላሽ እንደሚሰጡ አሳይተዋል። በሰው እጅ ለምትኖር እንቁራሪት ሕያው ነፍሳት የሚቀርቡትም ስለዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ ሕያው ምግብ ሁሉ የተሟላ አይደለም። በብዛት የሚቀርበው ክሪኬት የተባለው ፌንጣ መሰል ነፍሳት ከካልሲየም ይልቅ ብዙ እጥፍ ፎስፈረስ ይይዛል፤ የሚመከረው ግን ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ እንዲበልጥ ነው። ሚዛኑ ሲዛባ ሰውነት ካልሲየምን ከአጥንት ይስባል፤ መንጋጋ ይለሰልሳል፣ እግርም ይጎብጣል።

ለመከላከል ሁለት መንገዶች በጥምር ይሠራሉ፦ ነፍሳቱን ከመቅረባቸው በፊት በካልሲየም የበለጸገ መኖ መቀለብ፣ ሲቀርቡም የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ3 ዱቄት መነስነስ። ዱቄቱ ከገላቸው ቶሎ ስለሚራገፍ ወዲያው ሊበሉ ይገባል።

ጉዳዩ የቤት እንስሳ አርቢዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የታንዛኒያው የኪሃንሲ ጉርጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተፈጥሮ መኖሪያው መጥፋቱ ሲታወጅ፣ ዝርያው የቀረው በአሜሪካ መካነ አራዊት ውስጥ ነበር። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የመኖ ሚዛን የዝርያው ህልውና ጥያቄ ይሆናል።