በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃና የሠሪው ክብር

ጠመንጃ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጦርነትን፣ ፉከራን ወይም ለቅሶና ሠርግ ላይ የሚተኰሰውን ነው። በአሜሪካ ተራሮች ግን ሽኮኮን ለመግደል የተመጠነ፣ ትንሽ አረር የሚጎርስ ቀጭን ጠመንጃ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራ ኖሯል። (ሽኮኮ ስንል ከዛፍ ወደ ዛፍ የምትዘለውን፣ ጭራዋ ጎፈሬ የሆነውን ማለታችን ነው እንጂ በገደል የምትኖረውን አይደለም።) ከጣና በስተምሥራቅ፣ ከወረታ እስከ ይፋግ በተዘረጋው የፎገራ አገርም ጠመንጃ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ትንሹ የአደን ጠመንጃ ግን በዚያ አልተወለደም። ምክንያቱ ምንድን ነው? ጥያቄው ስለ አደን ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ተከትለነው ስንሄድ ከአደን የበለጠ ነገር ላይ ያደርሰናል።

በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ እንናገር። በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ሲተኰስ የተመጠነ ባሩድ በአፈሙዙ ይጨመርበታል፤ ቀጥሎ የእርሳስ አረር ይገባና በዘንግ እየተጎሰጎሰ እስከ ታች ይደርሳል። ባሩዱን የሚያቀጣጥለው በጥንት ጊዜ የሚጨስ ገመድ ነበረ፤ በኋላ ባልጩት መጣ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ቃታው ሲሳብ በመዶሻ የሚመታ ትንሽ የመዳብ ቆብ ተተካ። የቱቦው ውስጥ ልሙጥ የሆነ እንደ ሆነ አረሩ ግራና ቀኝ እየተላተመ ስለሚወጣ ራቅ ያለውን መምታት የዕድል ነገር ይሆናል። በቱቦው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ሲቀረጽለት ግን አረሩ እንደ እንዝርት እየሾረ ይሄዳል፤ የሚሾር ነገርም አቅጣጫውን በቀላሉ አይለቅም። አረሩ በሞራ በታሸ ጨርቅ ተጠቅልሎ መግባቱ ቦዩን አጥብቆ እንዲይዝ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የአረር ውፍረት በግማሽ ሲቀነስ ክብደቱ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። 16 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ክብ የእርሳስ አረር 24 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 8 ሚሊሜትር የሆነው ግን 3 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንድ ኪሎ እርሳስ ከትልቁ 41 አረር ሲወጣ ከትንሹ 329 ይወጣል። በባሩድም እንደዚሁ ነው። የወታደር ጠመንጃ በአንድ ተኩስ 6 ግራምና ከዚያ በላይ ሲፈጅ ለሽኮኮ ጠመንጃ አንድ ግራም ተኩል ያህል ይበቃዋል። ሱቅ ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ ለሚገኝለት ባላገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ትንሽ አረር ምን ኃይል ይኖረዋል የሚል ቢኖር ጎንደር ራሷ ትመልስለታለች። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ከአንድ የቤተ መንግሥት ሰው ጋር ስለ ተኩስ ተከራከረና በጠመንጃው ውስጥ በእርሳስ ፈንታ የሞራ ሻማ ቁራጭ ጨምሮ በዐፄ ተክለ ሃይማኖት ፊት ተኰሰ። ሻማው ሦስት ጋሻ በሳ። ነገሩ አስማት አይደለም፤ የአንድ ተወርዋሪ ነገር ጉልበት ከክብደቱ ይልቅ በፍጥነቱ ይበልጥ ያድጋልና ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህን ጠመንጃ በአሜሪካ የወለዱት በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግማሽ ከጀርመንና ከስዊስ አገር ወደ ፔንሲልቫኒያ የፈለሱ ጠመንጃ ሠሪዎች ናቸው። በላንካስተርና በአካባቢዋ ተቀምጠው ረጅም ቱቦ ያለው፣ በውስጡ ቦይ የተቀረጸ ጠመንጃ ሠሩ። ሕዝቡ ወደ ኬንታኪና ወደ ቴኔሲ ሲገፋ ትልቁ አውሬ እያነሰ ሄደ፤ አዳኙም ለጎረቤቱ ለሠሪው ያነሰ አረር የሚጎርስ ጠመንጃ አዘዘው፤ እርሱም ሠራለት። ጥበቡ በመንደሩ ነበረ። በመሆኑም በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1862፣ የሲንሲናቲ ከተማ ልትወረር ነው በተባለ ጊዜ ከ15,000 በላይ የኦሃዮ ባላገሮች የየቤታቸውን ጠመንጃ ይዘው ደረሱላት። እስከ ዛሬም «የሽኮኮ አዳኞች» እየተባሉ ይታወሳሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው ምክንያት ግልጥ ነው፤ ሽኮኮ አይበላም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የሚያመሰኳውንና ሰኮናው የተሰነጠቀውን ብቻ ይፈቅዳል፤ የገደሉን ሽኮኮና ጥንቸልን በስም ጠርቶ ይከለክላል። የዛፏም ብትሆን ሰኮና የላትምና አታመልጥም። ሁለተኛው ምክንያት የክብር ነገር ነው። በእኛ ዘንድ አዳኝ የሚፎክረው ዝሆን፣ ጎሽ ወይም አንበሳ ሲጥል ነው። «ሽኮኮ ገዳይ!» ብሎ የሚፎክር ቢነሣ ጉባኤው በሳቅ ያልቅ ነበር። ትንሹን ነገር ልጆች በወንጭፍ ያባርሩታል፤ ቆቅና ጅግራም በወጥመድ ይያዛል።

ይህ ግን የመልሱ ግማሽ ነው። ጠመንጃ በአገራችን የመሳፍንቱ ዕቃ ነበረ። ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል ይገባ ስለነበረ በሩን የያዘው የትግሬ መስፍን ከሌላው ይልቅ ይታጠቅ ነበር፤ ራስ ሚካኤል ስሑል በጎንደር ላይ የገነኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይፋግ በ19ኛው መቶ ዘመን አሞሌው፣ ጥጡና ከብቱ የሚለወጥበት፣ ቀረጥ የሚከፈልበት ታላቅ ገበያ ነበረች። ገበያ ሳይጠፋ፣ አዳኝ ሳይጠፋ፣ የጠፋው ምንድን ነው? ባሩድ ነው እንዳንል 75 እጅ ከአፈር የሚታጠብ ጨው፣ 15 እጅ ከሰልና 10 እጅ ድኝ ነው፤ አባቶቻችንም በአገር ቤት መቀመሙን ያውቁበት ነበር። የጠፋው ለሠሪው የሚሰጠው ቦታ ነው።

ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው በእኛ አገር እንዴት ይታይ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን የሠራልን እርሱ ነው፤ እኛ ግን «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» አልነው። ልጁን አላገባነውም፤ ከማዕዱም አልቀመስንም። በጎንደር ዙሪያ ብረት በመቀጥቀጥና ሸክላ በመሥራት የኖሩት ቤተ እስራኤሎች ይህን ስድብ ለብዙ ዘመን ተሸክመዋል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩት ወደ እስራኤል ሲሄዱ የእጃቸው ጥበብም አብሮ ሄደ። ሰው የሚሰደብበትን ሙያ እንዴት ያሻሽለዋል? ለልጁስ ምን ብሎ ያወርሰዋል?

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ጉድለት አይተውት ነበር። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ሲወጣ በሚገኘው በጋፋት የውጭ አገር ባለ እጆችን አስቀምጠው መድፍ አስቀለጡ፤ የአገር ልጆችም ሥራውን እንዲማሩ አደረጉ። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖልም በአፉ የሚጎርስ ነበረ፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ ተጎተተ። ሆኖም ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ የተሰለፈው የእንግሊዝ ጦር ከኋላው የሚጎርስ ስናድር ይዞ ነበር። የእኛ ሰው አንድ ጊዜ ጎስጉሶ እስኪተኩስ እርሱ ደጋግሞ ይተኩሳል። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሲሞቱ ከእንግሊዝ በኩል የቆሰሉት 20 ያህል፣ ከእነርሱም የሞቱት ሁለት ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ከኋላ የሚጎርሰው ጠመንጃ ወደ እኛም በብዛት ገባ፤ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብጽ ጦር ብዙ ተማረከ። ነገር ግን አንድ ለውጥ አብሮ መጣ። ባሩድና አረር በቤት ይዘጋጅ ነበረ፤ ባለ ቀለሁ ጥይት ግን ፋብሪካ ይፈልጋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ይህን ስለ ተረዱ ይመስለናል። አዋጁ ግን ልማዱን አልሻረውም። በ1927 ዓ.ም. ክረምት እንግሊዝና ሌሎች መንግሥታት ለጣሊያንም ለኢትዮጵያም መሣሪያ አንሸጥም ባሉ ጊዜ፣ ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ስለነበራት ምንም አልጎዳት፤ የተጎዳነው እኛ ነን።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ጠመንጃ እንሥራ ማለታችን አይደለም። አገራችን የጎደላት ጠመንጃ አይደለም፤ የበዛባት ጊዜ ሞልቷል። የምንለው ስለ ሠሪው ነው። ዛሬ የፎገራ ገበሬ ሽንኩርቱን የሚያጠጣበት ሞተር ሲሰበር መለዋወጫው የሚጠበቀው ከባሕር ማዶ ነው። ቴክኒክና ሙያ የሚገባውን ልጅ ግን «ውጤት ያልመጣለት» እንለዋለን፤ ቡዳ ማለቱን ብንተው ስሙን ለወጥንለት እንጂ ንቀቱን አልተውንም። የፔንሲልቫኒያው ሠሪ ከእኛው ቀጥቃጭ በጥበብ አይበልጥም ነበር፤ ጎረቤቱ በክብር በሩን እያንኳኳ «እንዲህ አድርገህ ሥራልኝ» ይለው ነበር እንጂ። እኛም ዲግሪያችንን ይዘን ስንወጣ የባለ እጁን በር እንደዚያው ማንኳኳት ከሚሳነን፣ የተማርነው ምን እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።