ጡብ፣ ወንበርና ገመድ፦ የፑኔው የዮጋ ቤት

ዮጋ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እግሯን ከአንገቷ ኋላ የቆለፈች ቀጭን ወጣት ናት። ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ ያለው የራማማኒ አየንጋር መታሰቢያ የዮጋ ተቋም አዳራሽ ግን የዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሚመስለው፤ የእንጨት ጡብ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ዘለበት ያለው ቀበቶ፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ገመድ፣ መደገፊያው ወልቆ ክፈፉ ብቻ የቀረ የብረት ወንበር። እኔም የማስተምረው በዚሁ ቤት መንገድ ነው።

መሥራቹ ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር እ.ኤ.አ. በ1918 መጨረሻ በደቡብ ሕንድ ቤሉር መንደር ተወለደ። እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ ዓለምን ያመሰበት ጊዜ ነበርና እናቱ በዚያው ታማ ሳለች ነው የወለደችው። በልጅነቱ ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ ተፈራረቁበት። ማይሶር ሄዶ ከእህቱ ባል ከክሪሽናማቻርያ ዮጋ የተማረው ያንን የደከመ አካል ይዞ ነው። በ1937 ለማስተማር ወደ ፑኔ ተላከ። በ1952 ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከይሁዲ ሜኑሂን ጋር መተዋወቁ ወደ አውሮፓ መንገድ ከፈተለት፤ በ1966 የታተመው መጽሐፉም ስሙን በዓለም አዳረሰው። ተቋሙ በ1975 ሲከፈት ከሁለት ዓመት በፊት ባረፈችው ባለቤቱ ስም ተሰየመ።

ጡቡ ለምን እንዳስፈለገ ለማየት ትሪኮናሳና የሚባለውን አቋም መሞከር ይበቃል። እግርን ሰፋ አድርጎ መቆም፣ ቀኙን ወደ ውጭ ማዞር፣ ከዳሌ ወደ ቀኝ አዘንብሎ በቀኝ እጅ ወለሉን መንካት ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዋለ ሰው ወለሉ ላይ ለመድረስ ሲታገል ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ደረቱ ወደ መሬት ይደፋል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ወለሉን ነካ፤ አቋሙ ግን ፈረሰ። ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ጡብ አቁመው መዳፉን እዚያ ላይ ሲያሳርፉለት ጉልበቱ ይቃናል፣ ደረቱ ወደ ጎን ይከፈታል፣ ትንፋሹም ይመለሳል። ጡብ ሳቀርብላቸው የሚቀየሙኝ ተማሪዎች አሉ፤ እንደ ደካማ የቆጠርኳቸው ይመስላቸዋል። ወጣቶቹ ደግሞ ይብሳሉ።

የአየንጋርን ሁሉ አልወሰድኩም። ቁጡ መምህር ነበር፤ ተማሪ ሲያስተካክል በጥፊ እስከ መምታት ይደርስ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ በፍቅር ያወሩታል፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ፑኔ ትምህርት የሚጀመረው ለጥንቱ የዮጋ ሊቅ ለፓታንጃሊ በሚዜም ጸሎት ነው። ይህም እኔ ጋ የለም፤ የሚመጡት ሰዎች የየራሳቸው ጸሎት አላቸው።

ከሁሉ አብልጬ የማስተምረው የወንበሩን ነው፤ ቢሮ ድረስ ይከተላልና። መንኮራኩር በሌለው ወንበር ላይ፣ መደገፊያው በቀኝ ጎን እንዲሆን ዞሮ መቀመጥ። ጉልበትን ገጥሞ ሁለቱንም እግር ወለል ላይ ማሳረፍ፣ መደገፊያውን በሁለት እጅ መያዝ። አየር ሲገባ ጀርባን ወደ ላይ ማርዘም፣ ሲወጣ ወደ መደገፊያው መዞር። ጉልበቶቹ ከተንሸራተቱ ዳሌ ዞሯል ማለት ነው፤ መዞር ያለበት ከዚያ በላይ ያለው ነው። ከዚያ በግራ በኩል መድገም። የዲስክ መንሸራተት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረው።

የሥራ ባልደረባ መጀመሪያ መሳቁ አይቀርም። ትንሽ ሰንብቶ ወገቡን ይዞ «እስቲ ያቺን ነገር አሳየኝ» ማለቱም አይቀርም።