ጢያ፦ ከድንጋዮቹ ሥር ያሉት

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሲኬድ፣ አዋሽን ተሻግሮ መልካ ቁንጥሬን ካለፉ በኋላ፣ ሶዶ ውስጥ ጢያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ ዳር ባለው ሜዳ 36 ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። 33ቱ 45 ሜትር ገደማ በሚሆን መስመር ላይ ተደርድረዋል። ሦስቱ ከነሱ ትንሽ ፈንጠር ብለዋል። ዩኔስኮ ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ጢያን የሚያስጎበኝም ሆነ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቅርጹ ነው። 32ቱ ድንጋዮች ተቀርጸዋልና አይፈረድበትም። ጠዋት ፀሐይዋ ከጎን ስትመታቸው ቀርቦ ማየት ይበጃል፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ስለሚጠፋ ቅርጹ ይደበዝዛል። ጎራዴዎቹ ጠዋት ጎልተው ይወጣሉ፤ ስለታቸው፣ እጀታቸው ሳይቀር ይለያል። በአንዱ ድንጋይ ላይ ጥቂት፣ በሌላው ላይ ብዙ ናቸው። የጎራዴው ቁጥር ድንጋዩ የቆመለት ሰው በጦር ሜዳ የጣላቸውን ሰዎች ይቆጥራል ይባላል። ክብ ምልክቶችም አሉ፤ ቅጠል የሚመስለውን ደግሞ እንሰት ነው የሚሉ አሉ። የብዙዎቹ ትርጉም እስካሁን በእርግጥ አልተፈታም።

እኔ ግን ቅርጹን እንቆቅልሽ አድርገን ስንጨነቅበት ዋናው ነገር የሚያመልጠን ይመስለኛል። ጢያ መቃብር ነው። እኛ ዛሬም ለሟች ሐውልት እናቆማለን፤ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ ፎቶውን እናኖርበታለን። የጢያ ሰዎችም በፊደል ፈንታ ጎራዴና ቅጠል ቀረጹ እንጂ ሥራው ያው ነው።

ይህ መቃብርነቱ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የጀርመን የባህል አጥኚዎች ቡድን እዚህ ደርሶ ፎቶ ሲያነሳ የአካባቢው ሰው ቦታውን «የግራኝ ድንጋይ» ይለው ነበር። ማን እንዳቆመው የማይታወቅ ትልቅ ነገር ሁሉ ግራኝ ለሚባሉት ለኢማም አሕመድ ሲሰጥ ኖሯል። ኢማሙ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ናቸው። ድንጋዮቹ ግን ከ10ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደቆሙ ይገመታል፤ እሳቸውን ይቀድማሉ ማለት ነው።

ነገሩ የጠራው መሬቱ ሲቆፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮዤ ዡሶም የመራው ቁፋሮ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብሮችን አገኘ። አስከሬኖቹ እንደኛ ልማድ በጀርባቸው ተዘርግተው አልተቀበሩም፤ በእናት ሆድ እንዳለ ፅንስ እጥፍጥፍ ብለው ነው። አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ባለው ዕድሜ የተቀጩ ወጣቶች ናቸው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ጎራዴዎቹን በድሮው ዓይን ማየት አልቻልኩም። ለእያንዳንዱ ድንጋይ አንዲት እናት አልቅሳለች።

የድንጋዮቹ ጥገና የመጣው ከቁፋሮው ጋር ተያይዞ ነው። ትክል ድንጋይ የሚቆመው ሥሩ አፈር ውስጥ ስለተቀበረ ነው፤ ዝናብ አፈሩን ሲሸረሽረው ያዘነብላል፣ ውሎ አድሮ ይወድቃል። ከቁፋሮው በኋላ የወደቁት ተነሥተው ዳግም ቆሙ። ድንጋይ ማንሳት የጉልበት ሥራ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የአንዱን ሰው ሐውልት በሌላው መቃብር ላይ ማቆም ትልቅ በደል ነው፤ ስለዚህ ጉድጓዱን ለይቶ ማወቅ ከማንሳቱ ይቀድማል። ከታች በኩል ቀዳዳ ያላቸው ድንጋዮች አሉ፤ ገመድ አስገብተው ይጎትቱበት ነበር ይባላል። ከመካከላቸው እስከ 5 ሜትር የሚደርስ ቁመት የነበረው አለና ያን ወደ ሜዳው ያመጡት ሰዎች ስንት ሆነው፣ ስንት ቀን ፈጅቶባቸው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

አሁን የሚያሰጋው የድንጋይ ሽበት፣ ዝናብና ፀሐይ ነው። የጎራዴው ጠርዝ ቀስ በቀስ ይበላል። እባካችሁ ለፎቶ ብላችሁ አትደገፏቸው፣ ቅርጹንም በጣት አትዳብሱ። ስትሄዱም ረጅሙን ረድፍ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ፈንጠር ወዳሉት ሦስቱም ዝለቁ።