በ69 ዓመታቸው ባሕር የተሻገሩት የካልካታው መምህር

ሐዋሳ ውስጥ «ቡሹሎ» ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው የካቶሊክ ሚሲዮን ጤና ጣቢያው ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን «ሚሲዮናዊ» የሚለውን ቃል የምናውቀውም በዚሁ መልክ ነው። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የመጣ፣ ከጀርባው ድርጅት የቆመለት፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት የሚከፍት፣ ጎን ለጎንም እምነቱን የሚያስተምር ሰው ይታየናል። መንገዱ ምንጊዜም ከሀብታም አገር ወደ ድሃ አገር ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ግን ይህንኑ መንገድ ወደ ኋላ ስለተጓዙ አንድ አዛውንት ነው። ድርጅትም ገንዘብም ሳይኖራቸው ከድሃዋ ህንድ ተነስተው የዓለም ሀብታሟን አገር ሊያስተምሩ ሄዱ። ስማቸው ባክቲቬዳንታ ስዋሚ ፕራቡፓዳ ይባላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ጎዳናዎች ላይ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ብርቱካንማ ልብስ ለብሰው፣ ከበሮ እየመቱ የሚዘምሩትን «ሃሬ ክሪሽና»ዎች በአካል ወይም በፊልም ያየ አንባቢ የእሳቸውን ተከታዮች አይቷል ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ህንዳውያን ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በአፄ ኃይለሥላሴ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው የሒሳብ ወይም የሳይንስ መምህሩን የህንድኛ ቅላጼ ዛሬም ያስታውሰዋል። በኋለኛው ዘመን ደግሞ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ህንዳውያን መምህራን በብዛት አስተምረዋል። በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም የህንድ ኩባንያ ገብቶ ሠርቷል። ሆኖም ከቀድሞዎቹ መምህራን ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ክርስቲያኖች ስለነበሩ የሂንዱን እምነት በቅርብ ለማየት ዕድል አልሰጡንም። ሂንዱ የሆኑትም ጸሎታቸውን የሚያደርሱት በየቤታቸው ነበር። ስለዚህ ሂንዱ ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው ከህንድ ፊልም ያገኘነውን ያህል ነው።

ባክቲ ምንድን ነው?

ሂንዱይዝም አንድ መሥራች፣ አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ የበላይ አካል ያለው ሃይማኖት አይደለም። በውስጡ ብዙ መንገዶች አሉ። በእውቀትና በምርምር ወደ እውነት ለመድረስ የሚጥር አለ፤ በሥርዓትና በመልካም ተግባር የሚታመን አለ። ሦስተኛው መንገድ ባክቲ ይባላል። ባክቲ ማለት ለአምላክ ራስን በፍቅር መስጠት ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት የአምላኩን ስም በፍቅር መጥራት ነው።

ፕራቡፓዳ የተገኙበት የባክቲ ቅርንጫፍ መነሻው በ1486 ቤንጋል ውስጥ የተወለዱት ቻይታንያ ናቸው። ቻይታንያ በየመንገዱ ከበሮ እያስመቱ የክሪሽናን ስም በዜማ ሲጠሩና ሲያስጠሩ፣ የዘር ደረጃው ዝቅተኛ ነው የተባለውም ሰው ከብራህማኑ ጎን ቆሞ ይዘምር ነበር። በብዙ ሂንዱዎች ዘንድ ክሪሽና ቪሽኑ የተባለው አምላክ ሥጋ ለብሶ የተገለጠበት እንደሆነ ይታመናል። በእነዚህኛዎቹ ትምህርት ግን ክሪሽና ራሱ የሁሉ የበላይ የሆነ አንድ አምላክ ነው።

ከመድኃኒት ንግድ ወደ ምንኩስና

ፕራቡፓዳ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1896 በካልካታ ሲወለዱ የተሰጣቸው ስም አብሃይ ቻራን ዴ ነበር። አባታቸው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ልጁ ስኮቲሽ ቸርች ኮሌጅ ገብተው በእንግሊዝኛ ተማሩ። የጋንዲን የነፃነት ጥሪ ተቀብለውም ዲግሪያቸውን ሳይቀበሉ ቀሩ። ሚስት አግብተው፣ ልጆች ወልደው፣ በመድኃኒት ንግድ ኑሯቸውን መሩ።

ሕይወታቸውን የለወጠው አጋጣሚ የተፈጠረው በ1922 ነው። ባክቲሲዳንታ ሳራስዋቲ ከተባሉ መምህር ጋር ተዋወቁ። እኚህ መምህር ገና በመጀመሪያው ቀን «የቻይታንያን ትምህርት በእንግሊዝኛ ለዓለም አዳርስ» አሏቸው። ወጣቱ ነጋዴ በበኩላቸው ህንድ በቅኝ ግዛት ሥር እያለች ማን ይሰማናል የሚል ክርክር እንዳነሱ ይነገራል። በ1933 ግን የመምህሩ ደቀ መዝሙር ሆኑ። በ1944፣ ዓለም በጦርነት ላይ እያለች፣ ብቻቸውን የሚጽፉት፣ የሚያርሙትና የሚያከፋፍሉት የእንግሊዝኛ መጽሔት ጀመሩ። ንግዳቸው አልቀናም። በ1950ዎቹ ቤታቸውን ትተው ቭሪንዳቫን ወደተባለችው ቅድስት ከተማ ሄዱ። በ1959ም መነኮሱ።

በዚያች ከተማ በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ በተሰጣቸው ትንሽ ክፍል ተቀምጠው ባጋቫታ ፑራና የተባለውን ሰፊ የሳንስክሪት መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ጀመሩ። ሦስት ቅጾቹንም እርዳታ እየለመኑ ዴልሂ ላይ አሳተሙ። ከዚያ የአንድ መርከብ ኩባንያ ባለቤት የነበሩ ሴት ነፃ ጉዞ እንዲፈቅዱላቸው ጠየቁ። ሴትዮዋ ከብዙ ማመንታት በኋላ እሺ አሉ።

ፕራቡፓዳ በኦገስት 13 ቀን 1965 «ጃላዱታ» በተባለች የጭነት መርከብ ከካልካታ ተነሱ። የያዙት መጽሐፍና 40 ሩፒ ነበር። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ የልብ ሕመም ጣላቸው። 69 ዓመት የሞላቸውም ባሕር ላይ ነው። በሴፕቴምበር 17 ቦስተን ሲደርሱ የሚቀበላቸው ሕዝብ አልነበረም።

ወደ ኒውዮርክ ተሻግረው የመጀመሪያውን ክረምት በእንግድነት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ አሳለፉ። ቀስ በቀስ በቬትናም ጦርነት የተማረሩና በአደንዛዥ ዕፅ የተጎዱ ወጣቶች በዙሪያቸው ተሰበሰቡ። በ1966 በሁለተኛው ጎዳና ቁጥር 26 ባለች ትንሽ ሱቅ ውስጥ ዓለም አቀፍ የክሪሽና ማኅበርን፣ በአጭሩ ኢስኮንን፣ መሠረቱ። ሱቋ ላይ ከቀድሞው ንግድ የተረፈው «ወደር የሌላቸው ስጦታዎች» የሚል ጽሑፍ አልተነሳም። እዚያ በገዛ እጃቸው እያበሰሉ ያበሉ፣ ያስተምሩና ያዘምሩ ነበር።

ያስተማሩትና የሠሩት

ለተከታዮቻቸው ያወጡት ደንብ ቀላል አልነበረም። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል አይበላም። አስካሪና አነቃቂ ነገር አይወሰድም። ከጋብቻ ውጪ ግንኙነት የለም። ቁማርም ክልክል ነው። ለእኛ አገር ሰው ከአራቱ የሚከብደው ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም፤ ሻይና ቡናም ከተከለከሉት ውስጥ ናቸውና። በዚህ ላይ ተከታዩ 108 ፍሬ ያለው መቁጠሪያ ይዞ በየቀኑ 16 ዙር መጸለይ አለበት። ይህ የክሪሽና ስም የሚጠራበትን ጸሎት 1,728 ጊዜ መድገም ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያለገደብ ነፃነት ይሰበክ በነበረበት ዘመን ወጣቶቹ ወደዚህ ጥብቅ ደንብ መጉረፋቸው ብዙዎችን አስገርሟል።

ዝናው በፍጥነት ተስፋፋ። በ1969 የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን የለንደኖቹን ደቀ መዛሙርት ዝማሬ በሸክላ አሳተመላቸው፤ በ1973ም ከለንደን ወጣ ብሎ የሚገኝ ሰፊ ግቢ ሰጣቸው። ፕራቡፓዳ በ1971 ሞስኮን ለአጭር ጊዜ ጎበኙ። በኋላ በሶቪየት ኅብረት ተከታዮቻቸው ታስረዋል። በዚያው ዓመት ናይሮቢ መጥተው ትምህርቱ በዚያ ለሚኖሩት ህንዳውያን ነጋዴዎች ብቻ ሳይሆን ለአፍሪካውያንም እንዲሰጥ አሳሰቡ። በአሜሪካም በ1977 አንድ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት እምነቱ በአእምሮ ማጠብ ሊከሰስ የማይገባው፣ ሥር ያለው ሃይማኖት እንደሆነ ወሰነ።

ፕራቡፓዳ በኖቬምበር 14 ቀን 1977 በቭሪንዳቫን በ81 ዓመታቸው አረፉ። ቦስተን ከደረሱ ገና 12 ዓመት ከሁለት ወር ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌሊት እየተነሱ ከ50 በላይ ቅጾችን ተርጉመውና ተንትነው አስቀምጠዋል። ከሁሉም በላይ የተሰራጨው የባጋቫድ ጊታ ትርጉማቸውና ማብራሪያው ነው።

ሌላው ቅርሳቸው ማብላት ነው። በ1974 ቤንጋል ውስጥ ሕፃናት ከውሾች ጋር በትርፍራፊ ምግብ ሲሻሙ አይተው፣ ከቤተ መቅደሳችን አሥር ማይል ዙሪያ ማንም መራብ የለበትም እንዳሉ ይነገራል። በእሳቸው ተከታዮች በ2000 በባንጋሎር የተጀመረው አክሻያ ፓትራ የተባለው ድርጅት ሲነሳ 1,500 ተማሪዎችን ያበላ ነበር። ዛሬ ከመንግሥት ጋር በመተባበር በትምህርት ቀናት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ምሳ ያበላል። የተማሪዎች ምገባ አንድን ልጅ ከትምህርት ገበታ እንዳይቀር እንዴት እንደሚያደርግ በአገራችን ያየ ሰው የዚህን ሥራ ክብደት ይረዳዋል።

ከመምህሩ በኋላ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ውዳሴ ብቻ ይሆን ነበር። ግን አላበቃም።

ፕራቡፓዳ ማኅበሩን በጋራ የሚመራ ጉባኤ በ1970 አቋቁመው ነበር። በመጨረሻው ሕመማቸው ወቅትም አዳዲስ ደቀ መዛሙርትን የሚቀበሉ 11 ሰዎችን ሰየሙ። እሳቸው ሲያርፉ 11ዱ ዓለምን በክልል ተከፋፍለው እያንዳንዳቸው እንደ መምህራቸው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የተሰየሙት እንደራሴ ሊሆኑ ነው ወይስ ሙሉ መምህር? ይህ ጥያቄ ዛሬም ድረስ ተከታዮችን ይከፋፍላል። በአሥር ዓመት ውስጥ ከ11ዱ በርካቶቹ ቃላቸውን አፍርሰው ወደቁ። በዌስት ቨርጂኒያ ኒው ቭሪንዳባን የተባለውን ትልቅ ሰፈር ይመሩ የነበሩት ሰው በ1987 ከማኅበሩ ተባረሩ። በ1996 ደግሞ በተደራጀ ወንጀል ጥፋተኛነታቸውን አምነው ወህኒ ወረዱ። ማኅበሩ በ1980ዎቹ መጨረሻ የክልል ክፍፍሉን ለመሻር ተገደደ።

ከዚህ የባሰው የሕፃናቱ ጉዳይ ነው። የተከታዮች ልጆች ገና በለጋ ዕድሜያቸው ወደ ማኅበሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይላኩ ነበር። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ብዙ ሕፃናት ተደብድበዋል፤ የወሲብ ጥቃትም ተፈጽሞባቸዋል። በ1998 የማኅበሩ የራሱ መጽሔት ይህን የሚያጋልጥ ጥናት አወጣ። በ2000 ያደጉት ልጆች ክስ መሠረቱ። ጉዳዩ በ2005 በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተቋጨ። ገንዘቡ የልጅነት ዕድሜን አይመልስም። የራስን ገመና በራስ መጽሔት ማተም ግን ብዙ የሃይማኖት ተቋማት ያልደፈሩት እርምጃ ነበር።

መምህሩ ራሳቸውም ከጥያቄ ነፃ አይደሉም። ስለ ሴቶች የተናገሯቸው አንዳንድ ቃሎች ዛሬ በተከታዮቻቸው ዘንድ ሳይቀር ያከራክራሉ። ሰው ጨረቃ ላይ ወርዷል መባሉንም አልተቀበሉም ነበር። የመምህር ቃል ሁሉ የማይነካ ነው ብሎ ለያዘ ደቀ መዝሙር ይህ ከባድ ፈተና ነው።

ነገሩን አሳዛኝ የሚያደርገው መፍትሔው በራሱ በትምህርቱ ውስጥ መኖሩ ነው። በዚህ የባክቲ ወግ መምህር የሚታመነው ስለተናገረ ብቻ አይደለም። ቃሉ ከመጻሕፍቱ ጋር፣ ከቀደሙት ቅዱሳንም ትምህርት ጋር ይመዘናል፤ ከማን እንደተማረም ይጠየቃል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይሆንም። የአብነት ተማሪ አዲስ አገር ሲገባ «ከየትኛው መምህር ተማርክ?» መባሉ የቆየ ልማዳችን ነው። መምህሩም ሌላ መምህር ነበረው፤ ሰንሰለቱ ይታወቃል። ኒውዮርክ ላይ የተሰበሰቡት ወጣቶች ግን መታዘዙን ሲማሩ መመዘኑን ለመማር ጊዜ አላገኙም። አዛውንቱ በ12 ዓመት ውስጥ ዓለም አቀፍ ማኅበር ሊያቆሙ ቻሉ፤ የበሰለ ደቀ መዝሙር ግን በ12 ዓመት አይደርስም።

በአሁኑ ጊዜ በከተሞቻችን ከማን እንደተማረ የማይታወቅ፣ ሒሳቡን የሚመረምርበት የሌለ፣ «ለምን?» ያለውን ሁሉ በእርግማን የሚያስፈራራ «መምህር» ማየት ብርቅ አይደለም። የፕራቡፓዳ ታሪክ የሚጠቅመን ስለዚህ ነው። እሳቸው እንደ ብዙዎቹ አልበለጸጉም፤ በደሃ ክፍል ጀምረው እስከ መጨረሻው ሕመማቸው መጽሐፍ ሲተረጉሙ ኖሩ። ቢሆንም የመምህሩ ቅንነት ብቻውን ከእሳቸው በኋላ የመጡትን ሕፃናት አልጠበቀም። ሕፃናትን የሚጠብቀው ጥያቄ መጠየቅ የተፈቀደበት ሥርዓት ነው።

ወደ ቡሹሎ እንመለስ። ልጇን አዝላ ወደ ሚሲዮኑ ጤና ጣቢያ የምትሄድ እናት ተቋሙን ማን እንደመሠረተው ላታውቅ ትችላለች። የምታውቀው ልጇ በደህና እጅ መያዝ አለመያዙን ነው። በባንጋሎር ትምህርት ቤት ምሳውን የሚበላው ልጅም ስለ ጃላዱታ መርከብ ላይሰማ ይችላል፤ ሳህኑ መሙላቱን ግን ያውቃል። በአዳሪ ትምህርት ቤቱ የተጎዳው ልጅ ደግሞ ሌላ ምስክርነት አለው። የመምህሩ ቅርስ ሲመዘን የሁለቱም ቃል ሊሰማ ይገባል።