የጋዝ ልብስ ማድረቂያ ለአራዳ ቤት

ሐምሌ ከገባ ወዲህ አራዳ ውስጥ ልብስ ማድረቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ጠዋት ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ቀትር ሳይደርስ ይሰበሰባል፣ ማታ ወንበር ላይ ይንጠለጠላል፣ በማግስቱ የሻጋታ ሽታ ይዞ ይነሳል። በዶሮ ማነቂያና በሠራተኛ ሠፈር ግቢዎች ቢያንስ ሰፋ ያለ የጋራ ማስጫ ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ ኮንዶሚኒየም የገባው ቤተሰብ ግን ያለው ጠባብ በረንዳ ነው። ስለ ማድረቂያ ማሽን የሚጠይቀው ሰው የበዛውም ለዚህ ነው። ብዙዎቹ የሚጀምሩት «መብራት ይጠፋል፣ ስለዚህ የጋዙ ይሻላል» ብለው ነው።

ይህ ሐሳብ ገና ከመነሻው መታረም አለበት። የጋዝ ማድረቂያ ከጋዝ የሚያገኘው ሙቀቱን ብቻ ነው። ከበሮውን የሚያሽከረክረው ሞተር፣ እርጥቡን አየር የሚያስወጣው ፋንና እሳቱን የሚለኩሰው ክፍል የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። የጋዙ ትልቁ ጥቅም ፍጥነት ነው፦ የተለመደው የቤት ማድረቂያ እሳት 6 ኪሎዋት ገደማ ሙቀት ሲሰጥ፣ ግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካው የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎዋት ነው።

ማሽኑ ያደገው አሜሪካ ነው። ጆርጅ ሳምፕሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በምድጃ ሙቀት የሚሠራ ማድረቂያ እ.ኤ.አ. በ1892 በስሙ አስመዘገበ። ሐሚልተን የተባለው ፋብሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1938 ባለ ከበሮውን ማሽን ለገበያ አቀረበ። በዚያ አገር የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ ቤት ድረስ ይገባል፤ እኛ ዘንድ ያለው በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታጋዝ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ማሽን የጋዝ መርጫ ቀዳዳው ሰፊ ነው። እንዳለ ቡታጋዝ ቢገጠምለት እሳቱ ከልክ በላይ ይነዳል፣ ጥቀርሻ ያወጣል፣ አደጋም ያስከትላል። ፋብሪካው ራሱ ለቡታጋዝ ያዘጋጀው መቀየሪያ ከሌለው አይገዛ፤ ቀዳዳ በመዶሻ የሚያጠብ ባለሙያም አይጠራ።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ማሽን ሌላም ችግር አለው። በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ነው የሚሠራው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ የእኛን 50 ኸርዝ ግን አይለውጥም። ስለዚህ ሞተሩ አንድ ስድስተኛ ያህል ፍጥነት ያጣል፣ መጋሉ ደግሞ ይብሳል። ሻጩን መጀመሪያ የማሽኑን ጀርባ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት፤ የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ከሌለ ወደ ዋጋው መሄድ አያስፈልግም።

ከፍታም አለ። ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። እሳት በሚገባ እንዲነድ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የጋዙን መጠን 4 በመቶ ያህል መቀነስ የተለመደ አሠራር ነው። ካልተቀነሰ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ቤት ዘግቶ ከሰል ያነደደን ሰው በእንቅልፉ የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው።

ስለዚህ ከማሽኑ በፊት የሚመረጠው ግድግዳው ነው። አሥር ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የብረት ቱቦ፣ አጭርና መታጠፊያ ያልበዛበት፣ በቀጥታ ወደ ደጅ መውጣት አለበት። የፕላስቲክ ቱቦ አይሆንም፤ የልብስ ብናኝ ይጠራቀምበትና እሳት ይይዛል። ብናኙን የሚይዘው የማሽኑ ወንፊትም ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ይጠረጋል። የአራዳ የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ የጭቃ ግድግዳና በእንጨት የተዋቀረ ጣሪያ ያላቸው ናቸው፤ የጋለ ቱቦ በእንጨት አጠገብ ማሳለፍ ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ ግድግዳ ለመብሳት ፈቃድ ያስፈልጋል። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካመለጠ ወለል ላይ ይተኛል፤ ማሽኑንም ሲሊንደሩንም ከመሬት በታች ባለ ክፍል ማስቀመጥ አይገባም።

ወጪውን እንይ። አምስት ኪሎ ልብስ በ1,000 ዙር ፍጥነት ሲጨመቅ 3 ሊትር ያህል ውኃ ይቀርበታል፤ በ1,400 ሲጨመቅ ወደ 2.5 ሊትር ይወርዳል። ሦስቱን ሊትር ለማትነን በኔ ስሌት ሩብ ኪሎ ጋዝ ወይም ትንሽ የሚበልጥ ይሄዳል። 12.5 ኪሎ ሲሊንደር ከ40 እስከ 50 ዙር ያደርቃል ማለት ነው። ወጡም የሚሠራው በዚያው ጋዝ ከሆነና ጋዝ በጠፋ ቁጥር ሰልፍ ካለ፣ ቤተሰቡ ምን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

እኔ ለአንድ ቤተሰብ የምመክረው በደንብ የሚጨምቅ ማጠቢያ ማሽንና ሂት ፓምፕ ያለው የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ነው። ሙቀቱን መልሶ መላልሶ ስለሚጠቀም የሚፈጀው ከተራው የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ግማሽ ያህል ነው፤ ውኃውን በራሱ ማጠራቀሚያ ስለሚይዝ ግድግዳ አያስበሳም። ይዘገያል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ግን የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚስብበትን ቤት መስመር አያስጨንቅም። በየቀኑ የአንሶላ ክምር የሚያጥብ የፒያሳ ፔንሲዮን ግን የጋዙን ቢገዛ ያዋጣዋል፤ ፍጥነቱ የሚጠቅመው እዚያ ነው።

የትኛውም ቢገዛ፣ ጋቢ ብዙ ውኃ ስለሚይዝ ብቻውን ይግባ፤ በዝቅተኛ ሙቀት ይድረቅ፣ ትንሽ እርጥበት እያለውም ይውጣ። ጥለት ያለው ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ከበሮ ውስጥ አይገቡም፤ ሙቀት ሸማውን ያሳጥረዋል፣ ጥለቱ ይጨማደዳል፣ ካውያም አይመልሰውም።